የጠጂቱ ቁራሽ

በአንድ ወቅት፣ ጎንደር አገር፣ ቤተ እስራኤሎች በሚኖሩበት መንደር ጠጂቱ የምትባል ወላጅ አልባ ልጅ ነበረች። አፏ ስለት ነው፤ ተረት ስትተርት ሽማግሌ ታስቃለች። ፊደል ፊት ስትቀመጥ ግን ጉድ ፈላ! ሆሄው እንደተነካ የጉንዳን ሰልፍ ይበተንባታል። ዛሬ የለየችውን ነገ አታውቀውም።

መምህሯ ጎላ ስንፍና መሰለው። እግሯ እስኪደማ በለበቅ ገረፋት። አይ ጭካኔ! ግን እውነቱን እንናገር፤ ሽማግሌዎቹ «ተዋት፣ ውሃ ትቅዳ» ሲሉት እምቢ ያለ እሱ ብቻ ነው። «ኦሪት ሳታነብ ከደጄ አትወጣም» አለ።

ታላቅ ወንድሟ ቢያድግ አንጀቱ አልቻለም። «የእሷን ለእኔ!» ብሎ ጀርባውን ሰጠ። ዓመት ሙሉ የእህቱን ዱላ ተቀበለላት። አንድ ቀን በትሩ ጆሮ ግንዱን አገኘው፤ ደሙ በአንገቱ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ ቢጠሩት አይሰማም። ጠጂቱ ያን ዕለት አገር ጥላ ልትጠፋ ስትነሣ፣ እጇን ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ የመለሳት እሱ ነው።

ጎረቤታቸው ደግሞ ሸክላ ሠሪዋ እትዬ እታገኝ ነበረች፤ ልጅም ባልም የላት። ሆሄያቱን አንድ በአንድ በጭቃ ሠርታ ጠበሰቻቸው።

«ዓይንሽን ጨፍኝና በጣትሽ ዳስሺው» አለቻት።

ዓይኗ የከዳት ልጅ ጣቷ አልከዳትም! ጠጂቱ ደስታዋን መያዝ አቅቷት አለቀሰች።

የጭቃ ሆሄያቱን በነጠላዋ ቋጥራ ትምህርት ቤት መሄድ ጀመረች። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ አንድ ጠዋት ሽፍቶች መንደሩን ወረሩ። ልጆቹ ሲበታተኑ እሷን ያዟት፤ ቋጠሮዋን ፈቱ።

«የቡዳ አስማት! ማነው የሠራው?» አሉ፤ ጎራዴ አንገቷ ላይ አሳረፉ።

«እኔ ነኝ! ልጅቷን ልቀቁ!» እያለች እታገኝ ሮጣ መጣች። እጆቿን ድንጋይ ላይ አጋድመው አሥር ጣቶቿን በዘነዘና ቀጠቀጧቸው። ጠጂቱን ግን አልለቀቁም፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ወርውረው ሣር ክዳኑን በእሳት ለኮሱት።

ጮኸች። ማሳ ላይ የነበረው ቢያድግ አልሰማም። መምህር ጎላ ነበልባሉን ጥሶ ገባ፤ አቅፎ አወጣት። የነደደው ክዳን ፊቱ ላይ ወርዶ ሁለት ዓይኖቹን አጠፋቸው።

በዓመቱ ጠጂቱ የብራናውን ሆሄ በጭቃው እንደለመደችው በጣቷ እየተከተለች በመንደሩ ቄስ ፊት ኦሪት አነበበች። መንደሩ እልል አለ።

የዚያ መንደር ወግ እንዲህ ነው፤ ኦሪት ያነበበ ልጅ የሰንበቱን ዳቦ ቆርሶ የመጀመሪያውን ቁራሽ ላስተማረው ያጎርሳል። ያንን ቁራሽ የጎረሰ እስኪሞት በልጁ ጉልበት ይጦራል። ቁራሹ አንድ ነው፤ የጠጂቱም ጉልበት ከአንድ በላይ አይችልም።

መምህሩ ወደ ድምጿ ዞረ። «መትቼሻለሁ። ግን ጥዬሽ አላውቅም።»

ቢያድግ ከንፈሯን እያየ፣ «ስታነቢ አልሰማሁሽም» አለ። «ትምህርት ቤት የነበረሽን ቦታ ግን በደሜ ያቆየሁልሽ እኔ ነኝ።»

እታገኝ የተኮራመቱ እጆቿን ከነጠላዋ ሥር አወጣች። «እኔ እንኳ ብትሰጪኝ መያዣ የለኝም፣ ልጄ።»

ጠጂቱ ቁራሹን ይዛ ቆመች። ሦስቱንም ትወዳለች፤ አንዱን ደግሞ ትፈራዋለች።

በሉ እንግዲህ፣ እናንተ ብትሆኑ ማንን ታጎርሱ ነበር?