ላሟ የላሰችው ጥጃ

አንድ ሰው ነበረ። ሁለት ላሞች ነበሩት፤ በአንድ ሰሞን ወለዱ። ጥቁሯ ጥጃዋን ትታ ገደል ገባች። የቀይዋ ጥጃ ደግሞ በተወለደ በማግስቱ ሞተ።

ሰውየው እናት የሌለውን ጥጃ ወደ ቀይዋ ላም አስጠጋው። አሸተተችው፤ የእሷ አይደለም፤ ረግጣ ጣለችው። ደጋግሞ ቢሞክርም ያው ሆነ። ጥጃው ከራብ የተነሣ መቆም አቃተው።

ሰውየው የሞተውን ጥጃ ገፈፈ። እንደ አገሩ ልማድ ቆዳውን በገለባ ሞልቶ በላሟ ፊት ሊያቆመው ነው፤ እሱን እየላሰች ትታለባለች። ሚስቱ አየችው።

«ያንተ ነገር» አለች። «ነፍስ ያለው እዚያ ወድቆ ሳለ ገለባ ታለብሳለህ?»

ቆዳውን ከእጁ ወስዳ ለሕያው ጥጃ ደረበችለት፤ ከሆዱ ሥር በገመድ አሰረችው። ላሟ ቀረበች። አሸተተች። ከዚያ ትልሰው ጀመር። ጥጃው ጡቷን ሲይዝ አልረገጠችውም።

እያደር ቆዳው ደረቀ፣ ተበጣጠሰ። ሰውየው ወስፌና ጅማት ይዞ መጣ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለች ሚስቱ።

«ልሰፋው ነዋ። ከወደቀ መልሳ ትረግጠዋለች።»

«ተወው የኔ ጌታ። ይውደቅ።»

ወደቀ። ላሟ ዞር ብላ ራቁቱን የቀረውን ጥጃ አሸተተች። የሸተታት የገዛ ምራቋና የገዛ ወተቷ ነበር። ላሰችው።

እማማ ትርንጎ፣ ነገ ዳሌዎ ውስጥ ስለሚገባው ብረት ሲጠይቁኝ፣ «በላዩ የቀባችሁት ፕሮቲን ሟሙቶ ካለቀ አጥንቴ ብረቱን ምን ብሎ ያቅፈዋል?» ብለውኛል። ብረቱ ያ ጥጃ ነው። ላሟ የአጥንትዎ ሕዋሳት ናቸው። ብረቱ ለእነሱ ባዕድ ነው፤ ራቁቱን ቢመጣባቸው ቶሎ አይጠጉትም። የቀባነው ፕሮቲን ቆዳው ነው፤ ሕዋሳቱ ስለሚያውቁት ይይዙታል። እውነትዎን ነው፣ ያልቃል። እስኪያልቅ ግን ሥራ አይፈቱም፤ ከራሳቸው አዲስ አጥንት እያወጡ ብረቱን ያለብሱታል። ሽፋኑ ሲሄድ የሚያገኙት የገዛ ሥራቸውን ነው። ከብት ያረቡት እርስዎ ነዎት፤ ላም የላሰችውን እንደማትጥል ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ።

እኔ የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ላሟ ልሳ እስክትጨርስ፣ አጥንትዎ ብረቱን እስኪይዝ ይታገሡ፤ ገና ሳይሽልዎት «ጊደሬን ልያት» ብለው እንዳይነሡብኝ።