የአስነኪኝ እናቶች ቀሚስ

አስነኪኝ ከደጋው ጫፍ፣ ገደሉን ተንተርሳ የተቀመጠች ትንሽ መንደር ናት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሄደ እንግዳ መጀመሪያ በስሟ ይገረማል፤ ቀጥሎ በሴቶቿ ቀሚስ። ባለጸጋዋም ድኻዋም፣ ልጅ የወለደች ሁሉ፣ ቀሚሷ ጉልበቷ ላይ ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ አለው። አንድ ጊዜ ከከተማ የመጡ ደግ ሴትዮ አዝነው መርፌና ክር ሊያድሉ ቢሞክሩ የመንደሩ ሴቶች ጥለዋቸው ሸሹ ይባላል። ሴትዮዋ ምን ያውቃሉ! እዚያ አገር ያንን ቀዳዳ መድፈን ልጅን ለገደሉ እንደ መስጠት ይቆጠራል።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት መንደሯ ይህን ስም ከማግኘቷ በፊት የሰው ሁሉ ፍርሃት ጭጋጉ ነበር። ጭጋግ ከገደሉ ሲወጣ ከውስጡ ድምፅ ይሰማል፤ ድምፁም የእናት ድምፅ ነው። ልጅን በስሙ ይጠራል፣ ያቆላምጣል፣ «ና፣ በዚህ በኩል ና» ይላል። የተከተለው አይመለስም። ምን እንደሆነ ያየው ስለሌለ ስም አላወጡለትም፤ እኔም አላወጣለትም፤ ይህን ስጽፍ እንኳ መስኮቴን ዘግቼ ነው።

ይመናሹ የምትባል ሴት በኩር ወንድ ልጇን በዚህ ዓይነት እንዳጣች ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ጥቁር ከል ለብሳ ኖረች፤ የቀረቻትን አንዲት ልጅ፣ ትሁኔን፣ ከዓይኗ አታርቃትም ነበር። ጳጉሜን ላይ ግን በየቤቱ ለልጆች ልብስ ሲሰፋ አይታ፣ እሷም ለትሁኔ የዘመን መለወጫ ስጦታ ነጭ የአቡጀዲ ቀሚስ ልትሰፋላት ተነሣች። ችግሩ ይመናሹ መርፌ አታውቅም። ስፌቷ እዚህ ይሰበሰባል፣ እዚያ ይጎረብጣል። ቢሆንም ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ስትወጋና ስትመዝ ዋለችና፣ ጨርሳ «እሰይ!» ብላ ብድግ ስትል የልጅቱ ቀሚስም አብሯት ተነሣ። ለካ ከገዛ ከሏ ጋር ደርባ ሰፍታው ኖሯል።

ጎረቤቶቿ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እሷም ስፌቱን ቀስ ብላ በመፍታት ፈንታ ተናድዳ ብትመነጭቀው፣ ከከሉ ላይ ቁራጭ ተገንጥሎ በነጩ ቀሚስ ጠርዝ ላይ ቀረ፤ ከሉም ልክ ጉልበቷ ላይ ተበሳ። «ለአውዳመት ጥቁር ነገር? ኧረ ፍቺላት!» አሏት ሴቶቹ። ትሁኔ ግን ጣቷን በቀዳዳው አሾልካ የእናቷን ጉልበት እየኮረኮረች፣ «አይፈታም! ይሄ ያንቺ ነው፣ እኔ ዘንድ ይቆይ» አለች።

በማግስቱ ልጅቱ አዲሱን ቀሚሷን ለአክስቷ ልታሳይ ለእናቷ ሳትናገር ወጣች። የአክስቷ ቤት የገደሉን አፋፍ ተከትሎ በሚሄደው መንገድ ነው። መንገዱ መሃል ላይ ጭጋጉ ደረሰባት፤ የገዛ እጇን ማየት እስኪያቅታት ድረስም ወፈረ።

«ትሁኔ፣ የኔ ዓለም!» አለ ድምፁ። የእናቷ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ይመናሹ ከማዘኗ በፊት የነበራት ድምፅ።

«እማዬ?»

«ነይ፣ በርዶሻል።»

ትሁኔ አንድ እግሯን አነሣች። ከዚያ ወንድሟን አስታወሰችና ባለችበት ደረቀች። ወደ ቤት የሚወስደው በየት በኩል እንደሆነ ጠፍቷታል።

«እማዬ፣ ቀሚስሽን አስነኪኝ» አለች።

ከዚያ ጨርቅ መጥቶ እጇን ነካ፤ ርጥብና ቀዝቃዛ ነው። ጉልበት የሚሆንበትን ቦታ ዳበሰች፤ ቀዳዳ የለም።

«ቀዳዳው የታለ?»

«ሰፋሁት፣ ልጄ።»

እንደሚነገረው፣ የልጅቱ ፀጉር የቆመው ያን ጊዜ ነው። እናቷ ሰፍታው ቢሆን ኖሮ መጎርበጥ ነበረበት! ይህ ግን ልስልስ ያለ ነው፣ ስፌቱ እንኳ አይታወቅም። ቁጢጥ አለችና በአንድ እጇ ያገኘችውን ቁጥቋጦ፣ በሌላው የቀሚሷን ጥቁር ቁራጭ ጨበጠች። ያ ድምፅ በዙሪያዋ እየዞረ ሲያባብላት፣ ሲቆጣት፣ ሲለማመጣት ቆየ።

በመጨረሻ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ሻካራ፣ በጩኸት ብዛት የተዘጋ፣ የእናቷን ከቶ የማይመስል። «ትሁኔ! አንቺ ልጅ!» ትሁኔ ከፊተኛው ይልቅ ይሄኛውን ፈራች። «አትያዢኝ! መጀመሪያ አስነኪኝ!» ብላ ጮኸች። ሴትዮዋ ነገሩ አልገባትም፤ ብቻ ጩኸቱ ወደመጣበት እየዳበሰች ተጠጋች። ልጅቱ እጇን ሰደደች። ጣቷ ቀዳዳውን አገኘና ገባ፤ ከውስጥም ትኩስ ጉልበት ነካች።

ጭጋጉ ሲገፈፍ ትሁኔ የጨበጠችው ቁጥቋጦ የገደሉ አፍ ላይ የበቀለ ሆኖ ተገኘ። ከእሱ ወዲያ መሬት አልነበረም። ይመናሹ ይህን ስታይ አላለቀሰችም አሉ፤ ልጇን አዝላ ቤቷ እስክትገባ ድረስ ግን ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ነበር።

የመንደሯ ስም ከዚያ ወዲህ አስነኪኝ ሆኖ ቀረ። ዛሬም አንዲት እናት ለልጇ ልብስ ስትሰፋ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ሆን ብላ ከገዛ ቀሚሷ ጋር ደርባ ትወጋዋለች፤ ከዚያም ትመነጭቀዋለች። ቁራጩ ከልጁ ልብስ ጋር ይሄዳል፣ ቀዳዳው ከእሷ ጋር ይቀራል። በጥልፍ ሙያዋ የታወቀችው እንኳ ያችን አንዷን ስፌት አውቃ ታበላሻለች።

ሽማግሌዎቹ ይህን ካወሩ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጨምሩት አለ። ጭጋግ በወጣ ማግስት አልፎ አልፎ ገደሉ አፍ ላይ ርጥብ ጨርቅ ወድቆ ይገኛል ይባላል፤ ልስልስ ያለ፣ ስፌት የሌለው፣ ጉልበት በሚሆንበት ቦታ ላይ ግን የተበሳ። ስለዚህ የዛሬ ልጆች ቀዳዳውን ማግኘት ብቻውን እንደማይበቃ ይነገራቸዋል፤ ጣት ገብቶ ሙቀት ማግኘት አለበት። የአስነኪኝ እናቶች ጭጋግ ሲወጣ፣ ልጅ ፍለጋ ከመሮጣቸው በፊት፣ በራቸው ላይ ቆም ብለው ጉልበታቸውን በመዳፋቸው የሚያሹት ለዚህ ነው።