ትንፍሽ ያላለው ክዳን

ተረቴ ውሃ ላይ ናት፤ የሚሰማ ጆሮውን ያምጣ፣ የማይሰማ መቅዘፊያውን ያምጣ።

እንጉዳይ የምትባል እናት ነበረች። የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደቅ ደሴት ላይ ምጥ የያዛት ልጇ ስመኝ ሳትገላገል ደርሳ "ማርያም፣ ማርያም" ማለት። ስመኝ የመጀመሪያዋ ነውና ፈርታለች፤ "እናቴን ጥሩልኝ" ብላ ልካለች። እንጉዳይም የገንፎ ዱቄቷንና የቅቤ ቅሏን ታቅፋ በስንሻው የሞተር ጀልባ ተሳፈረች። ጣና መሃል ሲደርሱ ሞተሩ ተንተባተበ፣ ሳል ሳል አለው፣ ጠፋ። ስንሻው ገመዱን ሲስበው ይነሳል፤ ትንሽ ይሄድና ያው ነው።

"ጀልባ ሆይ፣ አድርሺኝ፤ ልጄ በምጥ ላይ" አለች እንጉዳይ።

"ሞተሩ ካልገፋኝ አልሄድም" አለች ጀልባዋ።

"ሞተር ሆይ፣ ግፋ፤ ጀልባዋ አትሄድ፣ ልጄ በምጥ ላይ።"

"እሳት ጫሪው ካንዴላ ካላቀጣጠለልኝ አልገፋም" አለ ሞተሩ።

ስንሻው ካንዴላውን ፈትቶ በሸሚዙ ጫፍ ጠራረገው። ብልጭታው ደህና ነው። "ትናንት እኮ እንደ ፈረስ ነበር፣ እማማ" አለ።

"ካንዴላ ሆይ፣ አቀጣጥል፤ ሞተሩ አይገፋ፣ ጀልባዋ አትሄድ፣ ልጄ በምጥ ላይ።"

"እሳትስ አላጣሁም። ቱቦው ቤንዚን ካላመጣ ምኑን ላቀጣጥል?" አለ ካንዴላው።

ቱቦው ጎንና ጎኑ ተጣብቆ የጾመኛ ሆድ መስሏል። "ቱቦ ሆይ፣ አምጣ፤ ካንዴላው አያቀጣጥል፣ ሞተሩ አይገፋ፣ ጀልባዋ አትሄድ፣ ልጄ በምጥ ላይ።"

"ጀሪካኑ ካልሰጠኝ ከየት አባቴ ላምጣ?" አለ ቱቦው።

"ጀሪካን ሆይ፣ ስጥ፤ ቱቦው አያመጣ፣ ካንዴላው አያቀጣጥል፣ ሞተሩ አይገፋ፣ ጀልባዋ አትሄድ፣ ልጄ በምጥ ላይ።"

"ሆዴ ሙሉ ነው፣ ስስታምም አይደለሁ" አለ ጀሪካኑ። "ግን አየር ሳይገባልኝ ቤንዚን አይወጣልኝም። ክዳኑን ጠይቂው።"

"ክዳን ሆይ፣ ተንፍስ፤ ጀሪካኑ አይሰጥ፣ ቱቦው አያመጣ፣ ካንዴላው አያቀጣጥል፣ ሞተሩ አይገፋ፣ ጀልባዋ አትሄድ፣ ልጄ በምጥ ላይ።"

"ትንፍሽ እንዳትል ተብያለሁ" አለ ክዳኑ።

ስንሻው ጎንበስ ብሎ አየ። ክዳኑ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ፌስታሉ በክር ተተብትቧል። "ይሄን ደግሞ ማን አሰረው?"

እንጉዳይ አቀረቀረች። ቅቤ ሽታ ይስባል፤ ቤንዚን ቤንዚን የሚል ቅቤ ለአራስ አይሆንም። ስለዚህ ስንሻው ጀልባዋን ከዳር ሲገፋ በገዛ እጇ ጠፍራ አስራው ነበር። "እኔ ነኝ፣ ልጄ። ለቅቤው ብዬ።"

"እማማ፣ ይቺ የክዳኑ ቀዳዳ አፍንጫው እኮ ናት። አፍነው ይዘው ሩጥ ይሉታል?"

አፈረች። ቋጠሮው አልፈታ ቢላት በጥርሷ በጠሰችው። ክዳኑ ተነፈሰ፣ ጀሪካኑ ሰጠ፣ ቱቦው አመጣ፣ ካንዴላው አቀጣጠለ፣ ሞተሩ ገፋ፣ ጀልባዋ ሄደች።

እንጉዳይ የልጇ ቤት ስትደርስ በሩም መስኮቱም ተዘግቷል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ውስጥ ታጭቋል። ስመኝ በላብ ተጠምቃ ታቃስታለች። በሌላ ቀን ቢሆን መስኮቱን የምትዘጋው እንጉዳይ ራሷ ነበረች።

"ክፈቱት" አለች።

"ምች ቢመታትስ፣ እትዬ?" አሉ ሴቶቹ።

"ምችን ከእኔ በላይ የሚፈራ የለም። ግን ታፍናለች፤ ትንሽ ትተንፍስ።"

እያጉረመረሙ ከፈቱት። ስመኝ አየሩን በረጅሙ ሳበችና የእናቷን እጅ ጨበጠች። "ቆየሽብኝ፣ እማዬ።"

"ራሴው ነኝ ራሴን ያቆየሁት" አለች እንጉዳይ። ልጇን ከኋላ ደግፋ አቀፈቻትና "ማርያም፣ ማርያም" ማለት ጀመረች።

ተረቴ ዳር ደረሰች። የተወለደው ሴት ይሁን ወንድ፣ እልልታውን የቆጠረ ያውቃል።