ፈረሱን ያሰርኩበት ቦታ

የአገሬ ሰው ይህን መልስ የሰጠው አንድ ምላሰኛ አራሽ ነው ይላል። አፍሬ ዝም ብዬ ኖርኩ እንጂ የመለስኩትስ እኔ ነበርኩ።

አባቴ ሲሞት ፊታውራሪ ጓንጉል የእናቴን የገብስ ማሳ «እስክትጠነክሩ ልያዝላችሁ» ብለው ወሰዱ፤ አልመለሱልንም። አንድ ቀን ጎረቤት ሠርግ መጡና ዳሱ በር ላይ ከፈረሳቸው ወረዱ። እናቴ ስለ ማሳዋ ልትለምናቸው ስትጠጋ፣ የፈረሱን ገመድ ለእኔ ወረወሩልኝ።

«አንቺ የተማርሽው! ከማያመልጥበት ቦታ እሰሪልኝ። ከቆየ ስለ ማሳችሁ እንነጋገራለን፤ ካመለጠ ግን የማሳውን ስም እንዳታነሱብኝ!»

የፈረሱን የማምለጥ አመል የሚያውቅ ሁሉ ሳቀ። አጥሩን ብነቀንቀው ተወዛወዘ። ባሕር ዛፉም ገና ቀጭን ነበር። ተመልሼ መጣሁና ገመዱን በራሳቸው በፊታውራሪ እጅ ላይ ጠመጠምኩት።

«ምን መሆንሽ ነው አንቺ?» ብለው ጮኹ።

«ጌታዬ፣ አጥሩ ይነቀላል፣ ዛፉም ይሰበራል» አልኩ መሬት መሬት እያየሁ። «የእናቴ ማሳ ግን እጅዎ ከገባ ጀምሮ ማምለጥ አቅቶታል። ፈረሱማ የት ይደርሳል?»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ማሳው በማግስቱ አመለጠ።