የላይ ሰፈር እበትና የታች ሰፈር ውሃ

የከረመ ባላንጣ ድንገት ተቃቅፎ ሲታይ ሰው ሁሉ የሚወረውራት አባባል አለች። ከየት መጣች ብሎ የጠየቀ ግን የለም። የመጣችው ከእበት ነው።

የላይ ሰፈር እድር ዳኛ ይርዳው ቂም አይለቅም። በአባቱ ለቅሶ ጊዜ የታች ሰፈር እድር ያዋሰው ድንኳን ተቀዶ ኖሮ፣ ዝናቡ በለቀስተኛው ላይ ወረደ። «የታቹ ዳኛ ጥላዬ አውቆ ነው ቀዳዳውን መርጦ የሰጠኝ!» አለ። ከዚያ ወዲህ ከጥላዬ ጋር፣ አንዱ ቢያነጥስ ሌላው ይማርህ አይልም። አባ ቢተው የሚባሉ ሽማግሌ ድንጋይ ተሸክመው ቢለምኑት፣ «ድንኳኑስ ይጣፋል፣ ያዘነ ሆድ በምን ይጣፋል?» ብሎ መለሳቸው።

ኋላ አንድ የባዮጋዝ ባለሙያ መጣ። «እበትና ውሃ እኩል ጉድጓድ ሲገባ ጋዝ ይወጣዋል፤ ያበራል፣ ወጥም ያበስላል። ላይ ሰፈሮች ከብት አላችሁ፣ ታች ሰፈሮች ምንጭ አላችሁ። አንድ ላይ ሥሩት» አለ። ሁለቱ ዳኞች ፊታቸውን አዞሩ። እያንዳንዱ እድር የየራሱን ቆፈረ።

የይርዳው እበት ውሃ አጥቶ ጉድጓዱ ውስጥ ደረቀ። ሚስቱ አየችና «አንተ ሰው፣ ኩበት ለማድረቅማ ሲሚንቶ ምን አስፈለገ?» አለችው። መጽናኛው አንድ ብቻ ነበር፤ የጥላዬ ጉድጓድም እንቁራሪት እንጂ ጋዝ አልወጣውም። የእንቁራሪቶቹ ጩኸት ለይርዳው ከበገና ይጥመው ነበር።

አንድ ቀን ጀምበር ስትጠልቅ ማዶ ሰፈር መብራት ቦግ አለ። ይርዳው ለማየት ቋጥኙ ላይ ሲወጣ ጥላዬ ቀድሞት ቆሟል።

«ማዶኞች!» አለ ይርዳው፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሁሉ።

«ከኛ ፍም ሲለምኑ የኖሩ» አለ ጥላዬ።

«እድሮቻቸው አንድ ላይ ሠርተው ነው አሉ።»

«አትየው፣ ያምሃል።»

ይርዳው ለጥላዬ ቢበራለት ሊሞት ነው፤ ለማዶ ብቻ ሲበራ ግን ሞቶም አይተኛ።

«ምንጭህ አልነጠፈም?»

«እበትህስ ደርቋል አሉ?»

«እበቱ ነው እንጂ ላሞቼ መች ደረቁ!»

በማግስቱ በሁለቱ ሰፈሮች ድንበር ላይ አዲስ የጋራ ጉድጓድ ተጀመረ። ለቆፋሪዎቹ ጥላ ያች የተቀደደች ድንኳን ተተከለች፤ ፀሐይ በቀዳዳዋ ገብታ የይርዳውን አናት ስትጠብሰው ጋቢውን ተከናንቦ «ቆፍሩ፣ ቆፍሩ!» አለ። ጋዙ ወጥቶ የመጀመሪያው መብራት ሲሰቀል ሁለቱ ዳኞች ባንድ አፍ «ወደ ማዶ አዙሩት!» ብለው ጮኹ።

አባ ቢተው ይህን ሲሰሙ በምርኩዛቸው መሬቱን መታ አድርገው ሳቁ፤ «ጉድ እኮ ነው ልጆቼ፣ ሽማግሌ ያቃተውን፣ ቅናት አስታረቀው!»