ቅንፉን የጠረገችው በቀቀን

ተረት ተረት ስላችሁ፣ «ጆሯችን ያንተ ነው» በሉኝ።

በድሮ ዘመን፣ ድርቅ በሆነበት ዓመት፣ አውሬዎች ሁሉ ከአንድ ጉድጓድ ይጠጡ ነበር። እንደ ልጆቹ ቁጥር ለየቤቱ ስንት ቅል ውሃ እንደሚሰጥ የሚያዝዘው ንጉሡ አያ አንበሳ ነው። ትእዛዙን ጉድጓዱ ድረስ በርራ የምታደርሰው በቀቀን ናት። ውሃ ቀጂው ዝንጀሮ ግን ነገር ሲረዝምበት ይረሳል።

አንድ ቀን ኤሊ ዝንጀሮን፣ «የልጆቹ ቁጥር ከቤት ቤት ይለያያል። ‹ሀ› ብለን እንጥራውና በአጭሩ ልጻፍልህ» አለችው።

አንበሳ፣ «በልጆቹ ቁጥር ላይ አምስት ጨምሩ» አለ። ኤሊ አሸዋው ላይ «ሀ + 5» ብላ ጻፈች። ዝንጀሮ አየና ቀዳ።

በማግስቱ አንበሳ፣ «ከልጆቹ ቁጥር እጥፍ ላይ አንድ ቀንሱ» አለ። ኤሊ «2ሀ − 1» ብላ ጻፈች። ዝንጀሮ አየና ቀዳ።

«እሜቴ ኤሊ፣ እጅሽ ይባረክ!» አለ አውሬው ሁሉ። በቀቀንን ቀና ብሎ ያያት የለም። እሷም አጉረመረመች፦ «ቃሉን ተሸክሜ የምበረው እኔ! ምስጋናው ግን ለዚህች ዳዴ ባይ!»

በሦስተኛው ቀን አንበሳ፣ «በልጆቹ ቁጥር ላይ ሦስት ጨምሩ፤ ድምሩን በሙሉ እጥፍ አድርጉት» አለ። ኤሊ «2(ሀ + 3)» ብላ ጻፈች።

«እነዚህ እንደ ማጭድ የጎበጡት ምንድን ናቸው?» አለች በቀቀን።

«ቅንፍ ናቸው፣ እታለም። ሀ እና ሦስትን አቅፈው ይይዛሉ፤ እጥፉ ለሁለቱም እንዲደርስ።»

ኤሊ ዘወር ስትል፣ በቀቀን ቅንፎቹን በክንፏ ጠረገቻቸው። «2ሀ + 3» ብቻ ቀረ። «አሁን ትዋረዳለች!» አለች በልቧ።

ዝንጀሮ አየና ቀዳ። ከየቤቱ ሦስት ሦስት ቅል ጎደለ። አራት ጫጩቶች ላሏት ለበቀቀን አሥራ አራት ሊሰጣት ሲገባ አሥራ አንድ ሆነ። ትንሿ ጫጩት አፏን ከፍታ፣ «እማ፣ የኔስ?» አለች።

አገር ተንጫጫ። አንበሳ፣ «ኤሊ፣ አስጠማሽን! ከዚህ አገር ውጪ!» ብሎ አገሣ። ኤሊ መንገድ ጀመረች።

በቀቀን አንዴ ኤሊን፣ አንዴ የልጇን ደረቅ አፍ አየች። «ጌታዬ፣ ኤሊ አላጠፋችም» አለች። «ቅንፉን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ቀንቼ ነው።»

«እንግዲያው የጎደለውን የምትሞዪው አንቺ ነሽ» አለ አንበሳ። «ከኤሊ ቤት ጀምሪ፤ የራስሽን በመጨረሻ!»

በቀቀን ቅል በምንቃሯ እያንጠለጠለች ቀኑን ሙሉ ተመላለሰች። ልጇ ጋ የደረሰችው ከሁሉም በኋላ ነው።

እኔም ተረቴን ጨረስኩ፣ እናንተም ልብ በሉ፦ ቃል ያሳጠረ ተመሰገነ፤ በቅናት የቀነሰ የገዛ ልጁን አስጠማ።