ቡላ ያላተመበት ጭቃ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት የወንዛቸውን ጠባቂ በሚመርጡበት አገር፣ የመራጮች መዝገብ ጭቃ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ወንዙ ትቶት በሚሄደው ለስላሳ ጭቃ ላይ የወተት ጥርሱን የጣለ ሁሉ እየመጣ እግሩን ያትማል። ጭቃው ሲደርቅ ምዝገባው አበቃ። ከአሥር ቀን በኋላ፣ በምርጫው ዕለት፣ እያንዳንዱ እግሩን በገዛ አሻራው ውስጥ ያስገባል፤ ልክ ከሆነለት ጠጠሩን ለወደደው ይጥላል። አሻራ የሌለው ግን ዳር ቆሞ ያያል።

በዚያ ዓመት ለጥበቃው የቀረቡት ሁለት ነበሩ፤ አያ ጎሽና አያ ጅቦ። አዎ፣ ጅብ። ውሃ የሚወርደውን ሁሉ ሊጠብቅ። ምን እንዳሰበ ለመገመት ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ዘመዶቹ ግን ብዙ ናቸው፣ በመጀመሪያው ቀን ግልብጥ ብለው መጥተው መዳፋቸውን አትመዋል።

ያላተሙት ወጣቶቹ አህዮች ነበሩ። ከግራሩ ሥር ባለው ተማሪ ቤት የመጨረሻውን ክፍል የሚማሩ፣ ጥርሳቸውን በዚያው ዓመት የጣሉ አሥራ ሁለት አህዮች። ስለ ምርጫው ግን ከእነሱ በላይ የሚያወራ አልነበረም፤ በተለይ ቡላ የሚባለው። ቡላ ጠዋት ስለ ጎሽ፣ ከሰዓት ስለ ጅብ ይከራከራል፤ የሚከራከረው ቢያጣ ከግራሩ ጋር ይከራከራል።

የምዝገባው የመጨረሻ ቀን እመት ቀበሮ ወደ ግራሩ መጣች።

«እናንተ ልጆች፣ በዚህ ፀሐይ ጭቃ ልትረግጡ ነው?» አለች። «ምርጫው እኮ ገና አሥር ቀን አለው። ያን ዕለት መጥቶ መምረጥ ነው። ይልቅ ከጉብታው ጀርባ ያለውን ለምለም ሣር ሌላ ሳይጨርስባችሁ ድረሱበት።»

«እውነቷን ነው» አለ ቡላ። «ዋናው አቋም ነው። እኔ አቋሜን ይዣለሁ።»

አሥሩ ቀበሮን ተከትለው ሄዱ። ዳልቻ የምትባለው አህያ ቀረች፤ ከሌሎቹ ብልህ ሆና አይደለም፣ እግሯ ላይ እሾህ ገብቶባት ነው። ቡላም ንግግሩን ስላልጨረሰና የሚያዳምጠው ስለፈለገ አብሯት ቀረ።

ጥቂት ቆይቶ ከግንዱ ወዲያ ማዶ ድምፅ ተሰማ። ቀበሮ ተመልሳለች፤ ጅብ አብሯት ነበር።

«ወሰድሻቸው?»

«ወሰድኳቸው። ጭቃው እስኪደርቅ ከዚያ ሣር ላይ አይነሱም። ካላተሙ አይመርጡም፤ ካልመረጡ አንተ ታሸንፋለህ።»

«እሱስ ገብቶኛል» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ። «እኔ ልጠይቅሽ የፈለግሁት ሌላ ነው። ጭቃው ላይ የሌለ አህያ ውሃ ወርዶ ባይመለስ፣ ጎደለ ብሎ የሚጠይቀኝ አለ?»

«ማን ይጠይቅሃል? መዝጋቢው ኤሊ የሚቆጥረው ያተመውን ብቻ ነው። አሁን ድምፅህን ቀንስ።»

ዳልቻ እሾኋን እንደያዘች ተነሣች። ሁለቱ ድምፃቸውን አጥፍተው ከግራሩ ራቁና ቆሙ።

«መጀመሪያ ሄደን እናትም» አለች ዳልቻ።

«አንቺ ሂጂ። እኔ ልጥራቸውና ስመለስ አትማለሁ» አለ ቡላ፤ ወደ ጉብታውም ጋለበ። ፈሪ አልነበረም፣ ይህ ይመስከርለት።

ዳልቻ ስትደርስ ጭቃው ዳር ዳሩን ተሰነጣጥቋል። እርጥብ የቀረው መሀሉ ላይ አንድ ቁርበት የሚያህል ብቻ ነው። መዝጋቢው አባ ኤሊ አጠገቡ ተቀምጠዋል።

«አባ፣ አሥራ አንድ ጓደኞቼ እየመጡ ነው። ውሃ ልርጭበት?»

«አይሆንም ልጄ። ውሃ ከነካው የሌላውም አሻራ ይፈርሳል። ጥርስሽን አሳዪኝ።» አዩና «አትሚ» አሏት።

አተመች። ከዚያ ግን አልሄደችም። ፀሐይዋ ዘንበል ባለችበት በኩል ቆመች፣ ጥላዋ እርጥቡ ላይ እንዲያርፍ። አባ ኤሊ ሊናገሩ አስበው ተዉት፤ ስለ ጥላ ደንቡ የሚለው ነገር የለም።

ብዙም ሳይቆይ ጅብና ቀበሮ መጡ።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» አለ ጅብ።

«ቆሜያለሁ።»

«ሂጂ ውሃ ጠጪ።»

«አልጠማኝም» አለች። ምላሷ ከላንቃዋ ጋር ተጣብቋል።

ጅብ አንድ እርምጃ ቀረበ። ቀበሮ ጆሮውን ሳበችው። «ተው አያ ጅቦ። እሷ አትማለች። ዛሬ ብትጎድል አገር ይነሳብሃል፣ ምርጫህም እዚህ ላይ ያበቃል።» ጅብ የከፈተውን አፍ መልሶ ዘጋ። ዳልቻ ካለችበት አልተነቃነቀችም።

ያን ጊዜ ከጉብታው አቧራ ተነሣ። አሥሩ እየጋለቡ መጡ፣ ቡላ ከኋላ ያጣድፋቸዋል።

«እነዚህስ አትመዋል?» አለ ጅብ።

«እነዚህ ገና ናቸው» አለች ቀበሮ ቀስ ብላ።

ጅብ መንገዱ ላይ ዘሎ ቆመ። ፊተኛዋን ሊይዝ አሰበ፤ ከኋላዋ ያለችው ትወፍራለች። ወደሷ ዞረ፤ የሦስተኛዋ ዳሌ የባሰ ነው። ሲያማርጥ፣ ሲያማርጥ፣ አሥሩም በግራ በቀኝ አልፈውት ጭቃው ዳር ደረሱ። አባ ኤሊ ጥርስ እያዩ «አትም፣ ቀጥል፣ አትሚ፣ ቀጥዪ» ይላሉ። ቁርበት ያህል የነበረው እርጥብ ቦታ እያነሰ ሄደ።

ቀበሮ ቡላን ብቻውን አየችው።

«ቡላ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ጎሽ ለመሆኑ ለዚህ ወንዝ ምን ሠርቷል?»

ቡላ ቆመ። ወይ ቡላ። ዝም ብሎ ቢያልፋት ምን ነበረበት?

«ምን ሠርቷል ነው ያልሽኝ?» አለ፣ ጀመረም። አንደኛ አለ፣ ሁለተኛ አለ።

«ቡላ፣ ተዋትና ና» አለች ዳልቻ ከጭቃው ዳር።

«መጣሁ፣ ይቺን ላስረዳት።»

አራተኛው ላይ ሲደርስ ቀበሮ ዝም አለች። ክርክሩን አሸነፈ። ዝም ያለችው ግን ጅብ ከኋላው ስለደረሰ ነበር።

ቡላ ትንፋሹን ጀርባው ላይ ሲሰማ ተፈናጥሮ ዘለለ። የጭራው ጸጉር ጅብ አፍ ውስጥ ቀረ። ጓደኞቹ መንገድ ከፍተው አስገቡትና ዙሪያውን ከበቡት። ሰኮናውን አንሥቶ ባለው ክብደት ጭቃውን ረገጠ። ኳ አለ። ሌላውን እግሩን ሞከረ። ኳ። ጭቃው ደርቋል፤ የዳልቻ ጥላ ከፀሐይ አዳነው እንጂ ከንፋሱ አላዳነውም።

«አባ፣ አሥሩንም የጠራኋቸው እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

«አይቻለሁ ልጄ። እኔ አውቅሃለሁ፤ ጭቃው ግን አያውቅህም» አሉት አባ ኤሊ፣ ሲናገሩም አዘኑ።

በምርጫው ዕለት ዳልቻና አሥሩ ሰኮናቸውን በየአሻራቸው አስገቡ፣ ልክ ሆነላቸው፣ ጠጠራቸውን ጣሉ። አያ ጎሽ በአራት ጠጠር አሸነፈ። ከሁሉም ይልቅ የለፈለፈው ቡላ ከመስመሩ ውጪ ቆሞ አየ። በማዶ ጅብ ተቀምጦ አንድ በአንድ ይቃኛቸዋል፤ ዓይኑ ቡላ ላይ ሲደርስ ግን ይቆይ ነበር።

ያን ዓመት ሙሉ ቡላ ውሃ የወረደው በሁለት አህዮች መሀል ገብቶ ነው። መንገድ ላይ ክርክር ሲነሣም አፉን አይከፍትም። በሚቀጥለው ክረምት መጨረሻ፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ አባ ኤሊ ወደ ወንዙ ሲወርዱ አንድ አህያ በስብሶ ቆሞ አገኙ።

«ጭቃው እኮ ገና አልረጋም» አሉት።

«እጠብቃለሁ» አለ ቡላ፤ ሳይጠየቅም ጥርሱን አሳያቸው።

ከዚህ የምንማረው፣ ድምፁ የሚቆጠርለት ስለ ምርጫ ሲከራከር የዋለው ሳይሆን፣ ጊዜው ሳያልፍ ሄዶ የተመዘገበው መሆኑን ነው።